የዘውገ ብስክሌትና የአማቱ መርፌ

ላሊበላ ውስጥ ዘውገን የማያውቅ ሆቴል የለም። ከገበያው ጀምሮ እስከ ገደሉ ጫፍ ድረስ ከተሠሩት ሆቴሎች የእሱ እጅ ያልነካው የመብራት መስመር ቢፈለግ ምናልባት ሁለት ቦታ ይገኝ ይሆናል። እነዚያም፣ እንደ እሱ አባባል፣ በየሳምንቱ ይቃጠላሉ። የተወለደው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የገበሬ መንደር ሲሆን ሥራ የጀመረው መሰላል ያዥ ሆኖ ነው። ከወልድያ የመጣ አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ላይ ሆኖ ሽቦ ሲስብ፣ ዘውገ ታች ቆሞ መሰላሉን ይዞ አንጋጦ ያያል። በሦስተኛው ወር መሰላሉን ሌላ ሰው ያዘና ዘውገ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልወረደም ማለት ይቻላል።

እኔ ደሳለ እባላለሁ። ዘውገ ጥገና በሚሠራበት ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ፤ ቤታችንም አጥር ለአጥር ነው። ስለዚህ የምነግራችሁን ከሥራ ቦታም ከጓሮም ሆኜ አይቼዋለሁ።

ዘውገ እጁ የተባረከ ሰው ነው። ችግሩ አፉ ከእጁ ቀድሞ መድረሱ ነው። የተበላሸ ነገር ስታሳየው ገና ሳይነካው «ግማሽ ሰዓት ነው» ይላል። የውሃ ማሞቂያም ግማሽ ሰዓት፣ ጀነሬተርም ግማሽ ሰዓት። የሚስቱን ቴፕ «ግማሽ ሰዓት» ብሎ ከፈታው ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ሚስቱ ወይንሸት ከአብያተ ክርስቲያናቱ መግቢያ አጠገብ ነጠላና የአንገት ልብስ ትሸጣለች። ረጋ ያለች ሴት ናት። ስትስቅ ድምፅ የላትም፣ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ስለ ቴፑ በሚጠየቅበት ጊዜ ሁሉ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ብስክሌቱ የመጣው ያን በሚባል ቱሪስት ምክንያት ነው። ያን ስልሳ ዓመት የተጠጋው፣ እግሩ ግን የሃያ ዓመት ጎረምሳ የሚመስል የሆላንድ ሰው ነው። በ2004 ዓ.ም. ከጋሸና ተነሥቶ በብስክሌት ወደ ላሊበላ ሲመጣ የማርሹ ሽቦ መንገድ ላይ ተበጠሰበትና የመጨረሻውን ዳገት እየገፋ፣ አቧራ ለብሶ ሆቴላችን ደረሰ። ዘውገ ከባጃጅ ጠጋኞች ዘንድ ሽቦ ለምኖ፣ በልኩ ቆርጦ ገጠመለት። ያኛው ጥገና እውነትም ግማሽ ሰዓት ነበር የፈጀው፤ ዘውገም እስከ ዛሬ እንደ ማስረጃ ይጠቅሰዋል።

ያን ሊሄድ ሲል የዘውገን እጅ ጨብጦ፣ «ላንተም ብስክሌት እልክልሃለሁ» አለ። እኔ ተረጎምኩ።

ዘውገ ሳቀ። «ሁሉም እንዲህ ይላል በለው።»

እንደሱ ብዬ አልተረጎምኩም እንጂ እውነቱን ነበር። እዚህ የመጣ ቱሪስት ሁሉ አንድ ነገር ሊልክ ቃል ይገባል፤ ያነሳውን ፎቶ እንኳ የሚልክ ከስንት አንድ ነው። ያን ግን ላከ። ላከ ስል ታዲያ በአንድ ጊዜ አይደለም። በ2006 ለገና ከመጡ ጎብኚዎች ጋር ፍሬሙ፣ ማለት ጎማም ፔዳልም የሌለው ባዶ አካሉ፣ በካርቶን ተጠቅልሎ ደረሰ። በመጋቢት ሁለቱ ጎማዎች መጡ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ጡረታ የወጣች አንዲት ነርስ ሻንጣዋን ከፍታ፣ ከካልሲዎቿ መካከል ፔዳሉን፣ ካቴናውን፣ የማርሹንና የፍሬኑን ዕቃ ከነሽቦው፣ እንዲሁም አንድ ትንሽ ላስቲክ አወጣች። በላስቲኩ ውስጥ አጭር ደብዳቤ ነበረች፦ «በጥቅምት እመጣለሁ። አብረን እንነዳለን።»

በእነዚያ ወራት የከተማው ሰው ስለ ዘውገ ብስክሌት የሚጠይቀው ስለ እርጉዝ ሴት እንደሚጠየቀው ነበር። «ስንት ወር ሆነው? መቼ ነው የሚገላገለው?» ይሉታል። ዘውገም እንደ አባት «ደርሷል፣ ደርሷል» ይላል።

ፍሬሙ ጥቁር ሆኖ ቀይ መስመር ያለበት፣ የሚያምር ነገር ነው። አንድ ነገር ብቻ ሰውን ሁሉ ግራ አጋባ። ከመሪው ሥር፣ አንገቱ አካባቢ፣ ግራና ቀኝ ቀዳዳ አለው። ፔዳሉ ከሚታሰርበት ወገቡ ላይም እንዲሁ። ወደ ኋላ ጎማ በሚሄደው ቀጭን ቧንቧ ጫፍ ላይም እንዲሁ። አስጎብኚዎቹ ከበው አዩትና አንዱ፣ «ዘውገ፣ ይኼ ነገር ነቅዟል» አለ።

«ፀሐይ ላይ አስጣው» አለ ሌላው።

ዘውገ እንደ አስተማሪ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይኼ የሽቦ መንገድ ነው። የፍሬኑና የማርሹ ሽቦ ውጭ ተንጠልጥሎ እንዳይታይ በሆዱ ውስጥ ያልፋል። እኔ ግድግዳ ውስጥ የማሳልፈው ዓይነት ማለት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሠራሁት ሥራ እኮ ነው! ግማሽ ሰዓት!»

ክረምቱ አልፎ፣ ሆቴሉ ጭር ባለበት በጳጉሜ ሥራው ተጀመረ። ዘውገ ደጃፉ ላይ ጆንያ አነጠፈና ዕቃዎቹን ደረደረ። እኔ ከላስቲኩ ውስጥ የወጣውን የመመሪያ ወረቀት ይዤ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

«ወረቀቱ ‹ፔዳሉን ከማሰርህ በፊት ሽቦዎቹን አሳልፍ› ይላል» አልኩት።

«ወረቀት ለማያውቅ ነው» አለኝ፤ እንዲህ ሲል ፔዳሉ የሚዞርበትን ብረት ወገቡ ላይ አስገብቶ ማጥበቅ ጀምሯል። በእጁ ማጥበቅ ሲያቅተው የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ቁልፉ ላይ ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። ብረቱ እንደ በር ጮኸና ረጋ። ሊፈታው የሚችል ልዩ መፍቻ እንዳለው ወረቀቱ በሥዕል ያሳያል። ያ መፍቻ ያለው ያን ዘንድ፣ ሆላንድ ነው።

ወገቡ ክፍት ቢሆን ኖሮ ጣት ሰድዶ የሽቦውን ጫፍ መያዝ ይቻል ነበር። አሁን የቀረው የፔዳሉ ዘንግ ያልዘጋው ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ እሱም ከአተር ፍሬ አይበልጥም። ዘውገ ሽቦውን ከአንገቱ አስገብቶ ገፋው። ሽቦው ገባ፣ ገባ፣ ገባ። ክንድ ሙሉ ገባ። ግን አልወጣም። አውጥቶ ጫፉን ቆልመም አድርጎ እንደገና ገፋው፤ ይኼኛው ዞሮ በገባበት በር ወጣ። በግድግዳ ውስጥ ሲሠራ ሽቦው የሚሄድበት ቧንቧ እንደ ጣት ጠባብ ስለሆነ ሽቦው ሌላ ምርጫ የለውም። የብስክሌቱ ሆድ ግን ሰፊ ነው፤ ሽቦው እንደ ሥራ ፈት ሰው የፈለገበት ይዞራል።

ግማሽ ሰዓቱ አለቀ። ቀኑም አለቀ። ጳጉሜም አለቀች።

ለእንቁጣጣሽ የወይንሸት እናት እማማ አልጣሽ ከኮን መጡ። እማማ አልጣሽ ኮን ውስጥ የጥጥ ፍራሽ በመስፋት የታወቁ ሴት ናቸው። በዋድላ ሀገር የእሳቸውን ፍራሽ ሳይዝ የተዳረ ልጅ ካለ ምቾት አላገኘም ይባላል። ለሴት ልጃቸውም አዲስ ፍራሽ ሊሰፉ ጥጡንና መርፌያቸውን ይዘው ነው የመጡት። መርፌው ስንዝር የሚሆን፣ ወፍራም፣ ከእጅ ብዛት የነጣ ብረት ነው። ሠላሳ ዓመት ሠርተውበታል።

ዘውገ አማቱን ያከብራል፤ ይፈራልም። እሳቸውም እንደ ደንቡ ዘውገን «አንቱ» ነው የሚሉት። በአንቱታ የሚመጣ ቁጣ ደግሞ ከስድብ ይከብዳል፤ ልትመልስበት የምትችለው ቃል የለማ።

በዓሉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ዘውገ ሥልት ቀየረ። ከዕቃዎቹ መካከል ጎሚኒዎች አሉ። ጎሚኒ የምንለው ቀዳዳው አፍ ላይ ተሰክቶ ሽቦውን የሚያቅፍ፣ ውሃና አቧራ የሚከለክል ትንሽ የጎማ ቀለበት ነው። ዘውገ ‹መጀመሪያ ጎሚኒውን ብሰካ ሽቦው አቅጣጫ ይይዝልኛል› ብሎ አሰበ። ሰካው። ሲጫነው ጎሚኒው ተንሸራቶ ሆድ ውስጥ ገባ። ጫፉ ብቻ በቀዳዳው አፍ ይታያል።

«ቀጭን ነገር!» ብሎ ጮኸ፣ ዓይኑን ከቀዳዳው ሳያነሳ። «ወይንሸት፣ ቀጭን ነገር አቀብዪኝ!»

ወይንሸት እጇ የደረሰበትን አቀበለችው። የእናቷ መርፌ ነበር።

ዘውገ ጎሚኒውን በመርፌው ሊያወጣ ወደ ላይ ሲቆፍር እጁ አላበው፤ መርፌው ሾለከ። «ኪል» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ወደ ታች ሲንሸራተት «ሽሽሽ»፣ ከዚያ ዝም። ጎሚኒው ተከትሎት ገባ።

እማማ አልጣሽ ከበሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር።

«መርፌዬን ምን አደረጉት?» አሉ።

«አለ፣ እማማ። የትም አልሄደ። እዚሁ ውስጥ ነው።»

«ያለማ አለ። ፍራሹን ታዲያ በዚህ ልስፋበት?» ብለው ወደ ፍሬሙ አመለከቱ።

ዘውገ ፍሬሙን አንስቶ ገለበጠ፤ ነቀነቀ። መርፌው ውስጥ ሆኖ ኪል ኪል ይላል እንጂ በአተር ቀዳዳ ተስተካክሎ የሚወጣ አይደለም። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ሰፈሩ በዚያ ድምፅ ይነቃ ጀመር። ዘውገ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ፍሬሙን ይነቀንቃል። ማታ ከሥራ ሲመለስ ይነቀንቃል። የእኔ ሚስት፣ «ጎረቤታችን ጽናጽል ገዛ እንዴ?» አለችኝ።

እማማ አልጣሽ በማግስቱ ሊመለሱ አስበው ነበር። ሐሳባቸውን ለወጡ። «መርፌዬን ሳልይዝ ከዚህ ቤት አልወጣም» አሉ፣ ግማሽ የተሰፋው ፍራሽ ላይ ተቀምጠው። ዘውገ በገዛ ቤቱ እግሩን ዘርግቶ መቀመጥ አቆመ። አማት ፊት እንዴት ይዘረጋል? ሆቴል ውስጥ ረጅም ሰዓት መቆየት ጀመረ፤ ያልተበላሹ አምፖሎች ሁሉ ተፈተሹ።

በዚያ ሰሞን የሰፈራችን የአንድ ለአምስት ቡድን ስብሰባ ነበረን። አጀንዳው የአካባቢ ጽዳት ነው። ሰብሳቢያችን አቶ ደባሱ ስለ መጸዳጃ ቤት በሰፊው ከተናገሩ በኋላ፣ እንደ ልማዳቸው፣ «ሌላ ጥያቄ ያለው?» አሉ። እንደ እንግዳ ጥግ ላይ የተቀመጡት እማማ አልጣሽ እጃቸውን አነሡ።

«እኔ እንኳ የኮን ነዋሪ ነኝ» አሉ። «ነገር ግን መርፌዬ እናንተ ቀበሌ ውስጥ ነው ያለው። በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።»

አቶ ደባሱ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። ብዕራቸውን አንሥተው፣ «ቦታው?» ብለው ጠየቁ።

«የአቶ ዘውገ ብስክሌት ሆድ ውስጥ።»

ተጻፈ። ዘውገ መሬት መሬት ያያል። ወይንሸት ከኋላ ሆና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው መካሪ ሆነ። የባጃጅ ጠጋኞቹ «በንፋስ እናውጣው» አሉ። ዘውገ ፍሬሙን በትከሻው ተሸክሞ ኮብልስቶኑን ወረደ፤ መርፌውም በየእርምጃው ኪል ኪል እያለ አጀበው። ጎማ በሚሞሉበት ንፋስ በአንዱ ቀዳዳ ሲነፉበት በሌላው ቀዳዳ ጎሚኒው ተስፈንጥሮ ወጣና አንዱን ጠጋኝ ግንባሩን መታው። ስለዚህ ጎሚኒው ተገኘ። መርፌው ግን ከነፋስ የሚከብድ ነበር።

መስከረም ሊጋመስ ሆነ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መብራት በጠፋበት ጊዜ፣ ዘውገ ቤት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ከወይንሸት ቴፕ ሳይፈታ የቀረውን ይፈታል።

«በመጨረሻ ልትሠራላት ነው?» አልኩት።

ቀና ብሎም አላየኝ። የድምፅ ማጉያውን ከቴፑ ነቀለ፤ ከጀርባው ያለውን ክብ ማግኔት በመዶሻ መትቶ አላቀቀ። ያን ጊዜ ገባኝ። ፍሬሙ አልሙኒየም ነው፤ ማግኔት አይይዘውም። መርፌው ግን ብረት ነው።

ወይንሸት ከውስጥ ወጣች። ቴፕዋ ለሦስት ተከፍሎ አየች። «እሰይ» አለች። «አሁን እንኳ እርግጡን አወቅሁት።»

ዘውገ ቀለሙ እንዳይቧጨር ማግኔቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ፍሬሙ ሆድ ላይ አስደገፈው። ቀስ ብሎ ሲያንሸራትት ከውስጥ «ሽሽ» የሚል ድምፅ ተከተለው። ሲያቆም ያቆማል። ሲሄድ ይሄዳል። ዘውገ ወደ ፍሬሙ አንገት መራው። አንዴ ወደቀ፤ እንደገና ከታች ጀመረ። በአራተኛው ሙከራ የመርፌው ጫፍ ከቀዳዳው ብቅ አለ፤ በፒንሳ ያዝኩና ሳብኩት። ስንዝር ሙሉ ብረት ወጣ።

ዘውገ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ለአማቱ አቀረበ። እማማ አልጣሽ ተቀብለው በፀሐይ አዩት፤ በቀሚሳቸው ጠረጉት፤ ነጠላቸው ላይ ሻጡት። ሁላችንም ምስጋና ጠበቅን።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አሉት። «መርፌውን እዚያ ውስጥ ሲከቱት ክር ነበረው?»

«አልነበረውም እማማ።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት ስሰፋ መርፌ ያለ ክር ሲገባ አይቼ አላውቅም» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ።

ዘውገ እዚያው ቆሞ ቀረ። መጀመሪያ ተግሣጽ ብቻ መሰለው፤ ፊቱ ቀላ። ከዚያ ማግኔቱን አየ። ከዚያ ፍሬሙን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። «መርፌው ክሩን፣ ክሩ ሽቦውን...» አለና «ግማሽ ሰዓት» ማለቱን ረሳ። ዘውገን እንዲያ ሆኖ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መርፌውን መልሶ መለመን ደግሞ ቀላል አልነበረም። ገና አሁን ነው የተመለሰላቸው። ዘውገ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እማማ፣ ለአንድ አፍታ...» አለ።

«አንድ አፍታ ስንት ነው? ግማሽ ሰዓት ነው?» አሉት ከውስጥ።

ወይንሸት ግድግዳ ላይ ተደግፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ትከሻዋን መቆጣጠር አልቻለችም።

በመጨረሻ በአንድ ቅድመ ሁኔታ ተስማሙ። የክሩን ጫፍ የሚይዙት ራሳቸው ናቸው። በርጩማ አወጡና ከፍሬሙ አንገት አጠገብ ተቀመጡ፤ ለፍራሽ መስፊያ ያዘጋጁትን ጠንካራ ክር በመርፌው ዓይን አሳልፈው፣ ጫፉን ጣታቸው ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠሙ። ወይንሸት ፍሬሙን ዘንበል አድርጋ ያዘች። እኔ በሞባይል መብራት ታች ባለው ቀዳዳ አጮልቃለሁ። ዘውገ ማግኔቱን ይዞ ተንበረከከ።

መርፌው ገባ። ማግኔቱ ወደ ታች መራው፤ ክሩ ከእማማ አልጣሽ ጣት ላይ ቀስ እያለ ይፈታል። «አይቸኩሉ» ይሉታል። «ሲከብድዎ ይቁሙ። ፍራሽም እንዲሁ ነው፤ ጥጡን ካስገደዱት ይቋጠራል።» ዘውገ፣ የሃያ ዓመት ባለሙያው፣ «እሺ እማማ፣ እሺ እማማ» እያለ ይታዘዛል። የመርፌው ጫፍ ብልጭ ሲል «ወጣ!» ብዬ ጮኽሁ። ሳብነው። ክሩ በአንገቱ ገብቶ በወገቡ ወጥቷል። የሽቦውን ጫፍ ከክሩ ጋር አስረን፣ በናስትሮ ጠቅልለን ስንስበው ሽቦው ያለ ምንም ማንገራገር ተከትሎ ወጣ። ከዚያ የሽቦው ሽፋን በሽቦው ላይ እንደ ዶቃ በክር እየተንሸራተተ ገባ። በኋላኛው ቀጭን ቧንቧም እንደዚያው። በሌላው ጎን የፍሬኑም እንደዚያው። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ሁለቱም መስመሮች ጎማው ዘንድ ደረሱ።

ዘውገ ማርሹን አሰረ፣ ፍሬኑን አሰረ፣ የተረፈውን ሽቦ ቆረጠ። ከዚያ እጁን ሊያብስ መሀረብ ፍለጋ ኪሱ ገባ። ከኪሱ ያወጣው መሀረብ አልነበረም። ስድስቱ ጎሚኒዎች ነበሩ።

ጎሚኒ ሽቦው ከመታሰሩ በፊት ነው በሽቦው ላይ የሚሰካው። የእኔ ወረቀት ይህንንም ይናገር ነበር፤ ግን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ሰው ሲወድቅ አይገፋም። ሽቦውን መልሶ ሊያወጣ እጁን ሲሰድ እማማ አልጣሽ በአንቱታቸው አቆሙት።

«ሲያወጡት ክሩን ከኋላው ያስከትሉት። መንገዱ ክፍት ይቆይ።»

በማግስቱ ሁሉም እንደ ወረቀቱ ሆነ። እያንዳንዱ ጎሚኒ ቀዳዳው አፍ ላይ «ጭብ» ብሎ ተቀመጠ። እማማ አልጣሽ ፍራሹን ጨርሰው፣ መርፌያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ በመስቀል ማግስት ወደ ኮን ተሳፈሩ። አቶ ደባሱም በሚቀጥለው ስብሰባ «ጉዳዩ እልባት አግኝቷል» ብለው ጻፉ።

ዘውገ ግን ዘውገ ነው። ከተማው ውስጥ «እንዴት አሳለፍከው?» ሲሉት፣ «ማግኔት ነው። ሳይንስ ነው። የኤሌክትሪክ ዕውቀት ይጠይቃል» ይል ጀመር። ስለ ክሩ አንድም ቃል አይወጣውም። እኔም ወይንሸትም ሰምተን አለፍነው። ባል የሚኮራበት ነገር ሲያገኝ ሚስት አትነጥቅም አለችኝ፤ እኔም ጎረቤት አይነጥቅም አልኳት።

ያን በጥቅምት አጋማሽ መጣ። ሻንጣውን እንኳ ሳያስገባ ብስክሌቱን ልይ አለ። ዘውገ ሆቴሉ በረንዳ ላይ አቁሞት፣ ጎማውን በጨርቅ ሲወለውል ነው የቆየው። ያን ዞረው፣ ማርሹን ጠቅ ጠቅ አደረገ፣ ፍሬኑን ጨበጠ። ከዚያ ተንበርክኮ ጎሚኒዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ነካ። ወገቡ ላይ ያለውን ብረት አይቶ መነጽሩን አወለቀ።

«የዚህ መፍቻ የለህም» አለ። እኔ እተረጉማለሁ። «ይህን መጀመሪያ አጥብቀህ ከሆነ ሽቦውን እንዴት አሳለፍከው? እኔ ቤቴ ውስጥ ለዚህ የተሠራ ዕቃ አለኝ፣ እሱንም ይዤ ስሳደብ ነው የምውለው።»

ዘውገ ደረቱን ነፋ። በረንዳው ላይ አስጎብኚዎች አሉ፣ አሳላፊዎች አሉ፣ ሁሉም ይሰማል። «ማግኔት...» ብሎ ጀመረ። ከዚያ ቆም አለ። ደረቱ ቀስ ብሎ ወረደ።

«አማቴ ናቸው በለው» አለኝ። «ፍራሽ ሰፊ ናቸው። ክር የሌለው መርፌ አይገባም አሉኝ። እኔ ማግኔቱን ነው የያዝኩት።»

ተረጎምኩ። ያን ሳቀ፤ ግን የመገረም ሳቅ ነበር። ዘውገም ሳቀ። አስጎብኚዎቹ ደግሞ የሚያላግጡበት አዲስ ነገር አገኙና ያን ቀን ሙሉ «ክር ይዘሃል?» ሲሉት ዋሉ። ቅር አላለውም።

በማግስቱ ሊነዱ ወጡ። እዚህ ላይ እስካሁን ማንም ያላነሳው ጉዳይ መጣ፦ ላሊበላ ሜዳ የላትም። ዘውገ ብስክሌት መንዳት የተማረው ወልድያ ለሥራ ሄዶ፣ በሰዓት ተከራይቶ፣ ሜዳ ላይ ነው፤ እሱም አንድ ወር ፈጅቶበታል። ያን ወደ ተራራው ሲጠቁም ዘውገ ወደ አየር ማረፊያው፣ ወደ ቁልቁለቱ ጠቆመ። ቁልቁለቱ አሸነፈ። ሁለቱ ሲወርዱ እኔ በባጃጅ ተከተልኩ። ዘውገ ፍሬኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጨብጦት ስለወረደ ፍሬኑ እንደሚሠራ ማንም አልተጠራጠረም። አንድ ኩርባ ላይ ከአህዮች ጋር ተገናኝቶ ጉልበቱ ተላጠ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ግን ለቀቀው። ጤፉ ግራና ቀኝ ነጥቷል፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ማርሹም ጠቅ ሲል ወዲያው ይቀየራል። ጎንበስ ብሎ ሲጋልብ ሸሚዙ ከኋላው እንደ ዳስ ተነፍቶ ነበር። ከሩቅ የሆነ ነገር እየጮኸ ነው፤ መዝሙር ይሁን ጩኸት አልለየሁትም።

ዳገቱን የተመለሱት በአይሱዙ ነው። ያን ጋቢና ገባ። ዘውገን ና ብንለው እምቢ አለ፤ ብስክሌቱን አቅፎ ከኋላ፣ ከእህል ጆንያዎች ጋር ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቁልቁለቱን ይወርዳል፣ በጭነት መኪና ይመለሳል። ሾፌሮቹ አውቀውታል፤ እጁን ሳያነሳ ይቆሙለታል። በሚቀጥለው ዓመት ወይንሸት «እኔስ?» አለች። ዘውገ ረጅም ትምህርት ሰጣት፤ ስለ ሚዛን፣ ስለ ማርሽ፣ ስለ ዓይን አቀማመጥ። ታጋሽ ናትና አዳመጠች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣችበት። አንዴ ወደቀች፤ ሁለቴ ወደቀች፤ በሁለተኛው እሑድ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሄዳ ተመለሰች።

«ወር ይፈጃል አላልከኝም?» አለችው።

«አስተማሪ ስላለሽ ነው» አላት።

አሁን ብስክሌቱ አንድ፣ ነጂው ሁለት ሆኗል። እሑድ ጠዋት በአጥሩ በኩል የማንኛቸው ተራ እንደሆነ ሲከራከሩ እሰማለሁ። ባለፈው ሳምንት የእሷ ነበር፤ ዘውገ ባጃጅ ተሳፍሮ ከኋላ ከኋላ ሲከተላት፣ አንገቱን አውጥቶ፣ «ማርሽ ቀይሪ! ቀይሪ እንጂ!» ሲላት አየሁት። እሷ ግን አልሰማችውም፤ ቀድማው ኩርባውን አልፋለች።